ከመኮንንነት ቀርቼ ግመል የጫንኩበት ዘመን

ጡረታ በወጣሁበት ቀን ሥራ አስኪያጃችን ንግግር አደረጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም። የተሸለምኩትን ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «አቶ ታደሰ ለጭነት ሥራ የተፈጠሩ ሰው ናቸው» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብሱን ሳጣጥፍ ግን ንዴት ያዘኝ። ማን ነው ለጭነት የተፈጠረ? እኔ የተነሳሁት መኮንን ልሆን ነው። ጭነት፣ በሩ ሁሉ ከተዘጋብኝ በኋላ ሾልኬ የገባሁበት ቀዳዳ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በረንዳ ላይ ቆሜ መኪና ሳስጭን ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። አሁን ጊዜው ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ጎንደር ከተማ ነው። ዳዊት ደገምኩ፣ ዜማም ሞከርኩ፤ ድምፄ እንደማያዛልቀኝ መምህሬ ሳይደብቁ ስለነገሩኝ ተውኩት። ከዚያ አጎቴ ቤት ገባሁ። አጎቴ የጽሕፈት ሰው ነበር፤ ወጣቶችን በዘመናዊ መንገድ አስተምሮ መኮንን የሚያደርግ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ አቅራቢያ መኖሩን የሰማሁት ከእሱ ነው። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። አጎቴ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ ማኅተም አስመታልኝ፣ እናቴ ስንቅ ቋጠረችልኝ። በዚያው ሰሞን፣ በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ጠላት ጎንደር ገባ። ትምህርት ቤቱም መንገዱም ተዘጉ። የመጀመሪያው ዕድሌ ስንቄ ሳይፈታ እንዲሁ አለፈ።

ደብዳቤውን ግን አልጣልኩትም። በሰም በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩና ወደ አርማጭሆ ቆላ ወረድኩ፤ አርበኞች ዘንድ ገባሁ። መጻፍ ስለማውቅ ጸሐፊ አደረጉኝ፤ ሰው ሲጠፋ ጥይት ተሸካሚ፣ ሰው ሲቆስል አልጋ ተሸካሚም ነበርኩ። አራት ዓመት ተኩል ቆየሁ። ቆላው ለደገኛ አይራራም፤ ክረምት ገብቶ በወጣ ቁጥር ንዳድ ይጥለኛል፣ አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ይተወኛል፣ እነሳለሁ። ይህ መነሳቴ ጤና ይመስለኝ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሱዳን ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የመኮንንነት ትምህርት መከፈቱ ተሰማ። አለቃዬን አስፈቅጄ፣ የጓንግን ወንዝ ተሻግሬ፣ በእግሬ ገዳሪፍ ገባሁ። ደብዳቤዬን አወጣሁ። ላቤ ግማሹን ፊደል በልቶታል፤ ማኅተሙ ግን ይታያል። የተቀበለኝ ሰው ሳቀና፣ «ይህስ ከአንተ ይልቅ ዘምቷል» ብሎ ለሐኪም ምርመራ መዘገበኝ።

ሐኪሙ ኸዋጃ ነው፤ እዚያ ፈረንጅን እንዲያ ነው የሚሉት። ደረቴን አዳመጠ፣ ዓይኔን ገለጠ፣ ጥርሴን አየ፤ በሁሉም ረክቶ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ በጀርባዬ አስተኝቶ ጣቶቹን ከግራ ጎድኔ በታች ሰደደና እዚያው ቀረ። ተጫነ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ተጫነ። አስተርጓሚው የመተማ ልጅ ነበር።

«ጣፊያህ አብጧል ይላል» አለኝ።

«ይበጥ፤ አላመመኝም።»

«በወባ ነው ያበጠው። አንድ ቡጢ ቢያርፍብህ ይፈነዳል፤ ለወታደርነት አትሆንም ነው የሚለው።»

«የሚመታኝን እኔ ቀድሜ እመታዋለሁ በልልኝ።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ሲተረጎምለት ሐኪሙም ሳቀ። ወረቀቴ ላይ የውድቀት ማኅተም መምታቱን ግን አልተወም። ከመውጣቴ በፊት አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ኪኒን ሰጠኝ። በየቀኑ ብውጥ፣ ከስድስት ወር በኋላ ጣፊያዬ ወደ ቦታው ከተመለሰ ዳግም ሊያየኝ ቃል ገባ።

ውጭ ወጥቼ አንድ ግራር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ማልቀሴን ዛሬም አላፍርበትም። ካለቀስኩ በኋላ ግን ፊቴን ታጥቤ ተነሳሁ፤ ስድስት ወር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሆድ የለኝም። መኮንን ካልሆንኩ ተራ ወታደር ልሁን ብዬ ሄድኩ፤ ያንኑ የሐኪም ወረቀት ጠየቁኝ። አስተርጓሚ ልሁን አልኩ፤ ዐረብኛዬ የገበያ ነው፣ እንግሊዝኛ ጭራሹን የለኝም። በአየር መልእክት የሚያስተላልፉበት ድንኳን ገባሁ፤ ግማሽ ቀን አስቀምጠው አዩኝና አሰናበቱኝ። ወጥ ቤትም ሄጄ ነበር፤ እዚያ ሰው ሞልቷል። በሦስተኛው ቀን ከሰፈሩ በስተኋላ የግመል ጩኸት ሰምቼ ሄድኩ። የሰውን ሆድ የሚጫን ሐኪም እዚያ አልነበረም።

ከግመሎቹ መካከል አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተንበርክከው ገመድ ይፈትሻሉ። ሐጂ ኑርሁሴን ይባላሉ፤ ከጠላት በፊት መተማ ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ሰሊጥና ሙጫ በግመል ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው በጦርነቱ ወድሟል፤ የተረፏቸው ግመሎቹ ናቸው። አሁን ከሱዳን በኩል ለአርበኞች የሚላከውን ጥይት፣ ዱቄትና መድኃኒት ይጭናሉ።

«ሥራ ፈልጌ ነው» አልኩ።

ቀና ብለውም አላዩኝ። «ምን ታውቃለህ?»

«መጻፍ አውቃለሁ፣ መተኮስ አውቃለሁ፣ ዳዊት ደግሜአለሁ።»

«ግመል ዳዊት አይሰማም። መጫንስ?»

«በቅሎ ጭኛለሁ።»

«እሱንማ መርሳት አለብህ» አሉና አሁን ገና ፊቴን አዩኝ። «ለመሆኑ ምን ልትሆን ነበር የመጣኸው?»

«መኮንን።»

ረዳታቸው ሙሳ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ አልሳቁም። «በል ሻለቃዬ፣ ይችን ጆንያ አንሳ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሻለቃ ሆነ፤ ሙሳም ግመሎቹም ያወቁኝ በዚሁ ነው። ደመወዜ ዱቄትና በወር ጥቂት ግርሽ ነበር። ልቤ ውስጥ ግን ሥራው ለስድስት ወር ብቻ ነው።

የሐጂን ሥራ ለማየት ሰው ዓይኑን መክፈት ነበረበት፣ ምክንያቱም አያስተምሩም፤ ይሠራሉ እንጂ። ሁለት ጆንያ ለአንድ ግመል ሲያዘጋጁ ዓይናቸውን ጨፍነው እያፈራረቁ ያነሷቸዋል። የበለጠው ላይ በእግራቸው ይነኩና «ከዚህ ሁለት እፍኝ ቀንስ» ይላሉ። ቀንሼ በሚዛን ብሞክረው ልክ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት የኮርቻውን መደላድል ሣር አውጥተው ያራግፉታል፤ አንዲት እሾህ ከተገኘች የዚያን ቀን ለሰውም ለግመልም ቁጣ ነው። ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን እጃቸውን ነው። ስንቆም ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ሲሮጥ፣ እሳቸው መዳፋቸውን በየግመሉ ኮርቻ ሥር ሰድደው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሳሉ። ሙቀት ካገኙ መደላድሉን ያነሱለታል፤ እርጥበት ካገኙ ያደርቁታል። የሁሉም ጀርባ ሳይዳሰስ ከንፈራቸው ውሃ አይነካም፤ በዚያ በረሃ፣ በዚያ ዕድሜያቸው። በሳቸው እጅ ጀርባው የተገጠበ ግመል አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እንደ በቅሎ ጠበቅ አድርጌ ባሰርኩት ጭነት ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሩና ፈቱት። «በቅሎ ጠንክሮ የታሰረ ጭነት ትወዳለች፤ ዳገት ትወጣለች። ግመል ሲራመድ ይወዛወዛል፤ ጭነቱም አብሮት መወዛወዝ አለበት» አሉኝ። ይህ ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነበር።

ሌላው ትምህርታቸው ዋልካ ነው። ጥቁሩ የቆላ አፈር በበጋ እንደ ድንጋይ ይሰነጣጠቃል፤ አንዴ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ሳሙና ይሆናል። የበቅሎ ሰኮና ጭቃ ቆንጥጦ ያልፋል። የግመል መዳፍ ግን ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ የኋላ እግሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ጭኑ ይገነጠላል፣ ከዚያ ወዲያ ግመል የለም። ስለዚህ ሐጂ ዝናብ ከዘነበ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን መሬቱ ላይ ይጫኑና ያነሳሉ። አፈሩ ተረከዛቸውን ተከትሎ ከተነሳ ጭነት ይራገፋል፣ እንጠብቃለን፤ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት። የግድ መሻገር ካለብን የግመሎቹን የኋላ እግሮች ከቋንጃቸው በላይ ላላ ባለ ገመድ ያያይዟቸዋል፤ እርምጃ ይፈቅዳል፣ መገንጠል ይከለክላል። አራት ዓመት ተኩል በቆላ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። እኛ ደገኞች የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አቧራው ተኛልን ብለን ደስ ይለናል።

በጋው በሥራ አለፈ። ጠላት ከመተማ ለቀቀ፤ ሰፈራችንም ወደዚያው ተዛወረ። ኪኒኔን በየማለዳው እውጣለሁ፤ መራራነቱ ምሳ ድረስ ምላሴ ላይ ይቆያል። ሲያልቅብኝ ሐኪሙ ከገዳሪፍ ይልክልኛል። በየሳምንቱ በጀርባዬ ተኝቼ ጎኔን ራሴ እጫናለሁ። ያ ጠንካራ ነገር ወደ ላይ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ አንድ ቀን ጣቴ ሳያገኘው ቀረ። ሙሳን ጠርቼ አስነካሁት። «እኔ የማውቀው የግመል ሆድ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ሰኔ ሲገባ ወሬው መጣ። ጎንደር ገና በጠላት እጅ ናት፤ መሐል አገር ግን ነጻ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤቱም ወደዚያ ሊሄድ ነው። በእኛ በኩል የመጨረሻው የተማሪዎች ምርጫ ወሬው በመጣ በአሥረኛው ቀን መተማ ላይ ይደረጋል። ሐኪሙም ከገዳሪፍ ይመጣል። ይህ በተሰማበት ዕለት ደግሞ ወደ አርማጭሆ የሚሄድ ጭነት ታዘዘ፤ ስምንት ግመል ጥይት፣ ዱቄትና የወባ መድኃኒት። ሐጂ ንዳድ ጥሏቸው ተኝተዋል። የቀሩት ነጂዎች ጦሩን ተከትለው ጎጃም ወርደዋል። ወረቀት ፈርሞ ጭነት የሚረከብ ሰው ስለሚያስፈልግ አለቃው እኔ ሆንኩ። በልቤ አሰላሁት። አራት ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ማረፊያ፣ አራት ቀን መመለሻ። በዘጠነኛው ቀን መተማ ነኝ።

ሐጂ ከአልጋቸው ሳይነሱ እጄን ያዙኝ። «መድኃኒቱን በነጮ ላይ ጫነው። አረማመዷ ልዝብ ነው፣ ጠርሙስ አትሰብርም። ነጮን አደራ።» ነጮ ከግመሎቻቸው ሁሉ የሚወዷት፣ ነጣ ያለች ሴት ግመል ነበረች፤ ሱቃቸው ሲነድ ጀርባዋ ላይ ተቀምጠው ያመለጡባት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዛሬ አብርሃ ጅራ ከተማ ካለበት ወዲህ፣ በሰፊው ዋልካ ሜዳ መካከል ዝናብ ያዘን። ብዙ አልቆየም፤ ጥሎ ጥሎ አባራ። ፀሐይዋም ወጣች። ሙሳ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ጫነና አነሳ። ጥቁሩ አፈር ተከትሎት ተነሳ።

«እናራግፍ» አለ።

«ትንሽ ዝናብ ናት እኮ ሙሳ።»

«ሐጂ ቢኖሩ ያራግፉ ነበር።»

«ሐጂ የሚሄዱበት ምርጫ የለባቸውም» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

«እንግዲያው እግራቸውን እንሰር።»

«ስምንት ግመል አስረን ስንፈታ ይመሻል። ቀስ ብለን እንሄዳለን።»

ቀስ ብለን ሄድን። ነጮ ሦስተኛ ነበረች። አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ፣ ልጅ በሩጫ የሚያልፋት ቁልቁለት፣ የኋላ እግሯ ሸሸ፤ ልትይዘው ስትል ሌላውም ሸሸ። ድምፁን ሰማሁት። በሆዷ ወደቀችና አንዴ ጮኸች። ሳጥኑ ከጎኗ ሥር ተጨፍልቆ ውሃ ባቆረ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሮጬ ብደርስም ምንም የማደርገው አልነበረም፤ አንገቷን አቅፌ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። አፍንጫዋን ወደ ኪሴ ሰደደች። ማሽላ የምሰጣት ከዚያ ኪሴ ነበር።

ሙሳ ቢላዋውን አውጥቶ ቆመ። አላየኝም። «ዞር በል» አለኝ። ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የግመል ሥጋ አልበላም፣ እኔ ባርዳትም ለእሱ ወገን አትሆንም። ስለዚህ በስህተቴ የሞተችውን ግመል እንኳ ራሴ መጨረስ አልቻልኩም። ሥጋዋን በማግስቱ ከአቅራቢያው መንደር የመጡ እስላሞች ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ አልቸኮልኩም። ጭነቱን አራገፍን፤ መሬቱ ተረከዝ እስኪለቅ ሁለት ቀን ጠበቅን። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ አሥረኛው ቀን እንዳመለጠኝ አወቅሁት፤ ወደዚያም አላሰብኩም። የሰባቱን እግር አሥረን፣ በየማረፊያው እኔ ራሴ መዳፌን በኮርቻቸው ሥር እየሰደድኩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ውሃ እየጠጣሁ፣ አርበኞቹ ሰፈር ደረስን።

የሰፈሩ አስታማሚ እመት የሺ ነበሩ፤ ባላቸው በጠላት የተገደሉባቸው፣ ከዚያ ወዲህ በሽተኛ በማንሳት የኖሩ ሴት። በዚያ ሰሞን አሥራ አንድ ሰው በወባ ተኝቶባቸዋል። ሳጥኑን ከፈቱ። ግማሹ ኪኒን ሟምቶ ከዋልካው ጋር ተለውሷል።

«ሌላው የት አለ?»

«ወደቀ።»

«ማን ጣለው?»

«እኔ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ቢላዋ አምጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የተረፈውን ኪኒን አንድ በአንድ ለሁለት መክፈል ጀመሩ። ቢላዋው ድንጋዩን ሲነካ የሚሰጠው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከደረቴ ያቺን ቆርቆሮዬን አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

«የራስህ አይደለም?» አሉኝ።

«ነበር» አልኩ።

መተማ የተመለስኩት በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። ሐጂ ከስተው፣ በምርኩዝ ተደግፈው ወጥተው ጠበቁን። ሰላምታ ሳይሰጡኝ መዳፋቸውን ከመጀመሪያው ግመል ኮርቻ ሥር ሰደዱ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ሰባቱንም ዳበሱ። ከዚያ ስምንተኛዋን ፈልገው ወደ መንገዱ አዩ።

«ነጮ የለችም፣ ሐጂ። ሙሳ ከልክሎኝ ነበር። ለምርጫው ልድረስ ብዬ በእርጥብ ዋልካ ነዳኋት።» ይህን ለመናገር መንገዱን ሁሉ ተለማምጄ ነበር።

ዓይናቸውን ከመንገዱ መልሰው፣ «የሰባቱ ጀርባ ደህና ነው» አሉና ዞረው ወደ ድንኳናቸው ገቡ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ምርጫው እንዳለፈ እያወቅሁ ወደ ሰፈሩ ሄድኩ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። የተመረጡትን ወጣቶች የሚወስደው መኪና እስከ ሆዱ ዋልካ ውስጥ ሰጥሞ ቆሟል። አራት ቀን ሙሉ ሲቆፍሩና ሲገፉ ከርመዋል፤ ከጥርሳቸው በቀር የሚነጣ ነገር አልነበራቸውም። መራጩ መኮንን፣ ከስደት የተመለሰ የእኛው ሰው፣ ሲያየኝ ጠራኝ።

«ታደሰ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ሽማግሌህ በበሽተኛ ጉልበታቸው ሦስት ቀን ደጄ ላይ ተቀመጡብኝ። ልጄ ለእናንተው ሥራ ሄዶ ነው፣ ቦታውን ያዙልኝ እያሉ። ይዤልሃለሁ። ሐኪሙ ጋ ግባ።»

ሐጂ ይህን አንድ ቃል አልነገሩኝም ነበር። ሐኪሙ አስተኝቶ ጣቶቹን ከጎድኔ በታች ሰደደ፤ ፈለገ፣ አጣ። በአማርኛ የሚያውቃትን አንድ ቃል ተናገረ፤ «ደህና።»

ስድስት ወር የለመንኩት ቃል ይህ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ዓይኔ ግን ከሐኪሙ ጀርባ በተደረደሩት የመድኃኒት ሳጥኖች ላይ ነበር። ያ የቢላዋ ድምፅ መጣብኝ። ሐጂ ገና መንገድ አይችሉም። ሙሳ ብቻውን ሰባት ግመል አይነዳም። ዝናቡም ገና መጀመሩ ነው።

ወጥቼ መኮንኑ ፊት ቆምኩ። «ጌታዬ፣ የሚቀጥለው ምርጫ መቼ ነው?»

«እዚህ ከእንግዲህ ምርጫ የለም። ምን ማለትህ ነው?»

«ስሜን ይሰርዙልኝ። ያጎደልኩት መድኃኒት አለ፤ ማድረስ አለብኝ።»

«ሌላ ሰው ያደርሰዋል።»

«ሌላ ሰው የለም፤ ጎጃም ወርደዋል።»

ፊቱ ተለወጠ። «ሽማግሌውን ሦስት ቀን ያስለመንካቸው ለዚህ ነው? ፈርተህ እንደሆን ንገረኝ።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልኩት። ሌላ የማስረዳበት ቃል አልነበረኝም። ስሄድ ከመኪናው አጠገብ ጫማዬን አውልቄ ተረከዜን ጫንኩና አነሳሁ። «ዛሬ አትልፉ፤ ካልዘነበ ነገ ከሰዓት በኋላ ይወጣል» አልኳቸው ወጣቶቹን። እንዲያው ሳቁብኝና አካፋቸውን አነሱ።

ሐኪሙ ሳጥን ሞልቶ ሰጠኝ፤ ለራሴም አንዲት ቆርቆሮ። በማግስቱ ጠዋት ስንጭን ሐጂ መጥተው ቆሙ። እንዴት እንደሰሙ አላውቅም። አንተ ሞኝ፣ እኔ በከንቱ ለመንኩልህ ብለው ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የነጮን የእግር ገመድ ከትከሻቸው አውርደው በእጄ አስያዙኝና ሄዱ።

ያ ጉዞ መሄጃው ብቻ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። አራት ቀን ሄድን፣ አምስት ቀን ቆመን መሬት ጠበቅን። በቆምንበት ቁጥር ሙሳ ይቀልድብኛል፣ እኔ ተረከዜን አያለሁ። አንድም ግመል አልተንሸራተተም። እመት የሺ ሳጥኑን ከፍተው ሙሉ መሆኑን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ዘጠኙ አሉ» አሉኝ። «ሁለቱ አልጠበቁህም።»

መቃብራቸውን አሳዩኝ። ድንጋይ ተሸክሜ ከመርኩባቸው፤ ስማቸውንም ጠየቅሁ። ሙሉ ኪኒን ቢደርሳቸው ይድኑ እንደነበር እመት የሺን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለቱን ስሞች ከዚያ ወዲህ በየሰኔው ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስጠራቸዋለሁ።

መተማ ስንመለስ እኔን ንዳድ ይዞኝ ነበር፤ ጣፊያዬም ተመልሶ አበጠ። መኪናው የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ጎማዎቹ የቆፈሯቸው ሁለት ረጃጅም ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ሞልተው ጠበቁኝ። ትንሽ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ግመሎቹን ወደዚያ ነዳሁና አጠጣኋቸው፤ ጥሩ ውሃ ነበር። እነሱ ሲጠጡ መዳፌን በየኮርቻቸው ሥር ሰደድኩ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሰባቱንም። ስጨርስ ጎንበስ ብዬ ልጠጣ ስል ሐጂ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው ጠጣ፣ ታደሰ» አሉኝ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሻለቃ ብለው ዳግመኛ አልጠሩኝም።

ሥራ አስኪያጃችን «ለጭነት ሥራ የተፈጠሩ» ብለው ስለ እኔ የተናገሩትን ያን ቀን፣ በዚያ ጉድጓድ አጠገብ ተናግረውት ቢሆን ኖሮ ግን አልቆጣም ነበር።